ወፍራሙ ድምፅሽ በጉደር ሠርግ ላይ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ ዱሬቲ ጉደታ፤ አሰብ።

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽ በድሉስ ያንን ከባድ መኪና እየነዳ በሰላም ወጥቶ በሰላም ይገባል ወይ? ትንሹ ልጅሽ አዱኛ ስንት ጥርስ አበቀለ? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። «ካንቺ ናፍቆት በቀር» ብሎ መጻፍ የደብዳቤ ወግ ነው፤ እኔ ግን ወግ ለማድረስ አልጻፍኩትም፤ የእውነት ናፍቀሽኛል።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ ነበር። አሁንም አምቦ፣ ፍል ውሃው አጠገብ ባለ ሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ምን ዓይነት ነገር ነው ላልሽው፣ አራት ወፋፍራም ክሮች ያሉት የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ለዘፋኙ ይጨበጨብለታል፣ ሳክስፎን ነፊውን ያደንቁታል፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ዱም ዱም አደርጋለሁ። ሰው የሚያስታውሰኝ ሳቆም ብቻ ነው። እማዬ አንድ ቀን መጥታ ከሰማችኝ በኋላ፣ ልጄ፣ ያንተውስ መቼ ነው የሚጀምረው ብላ ጠየቀችኝ።

ባለፈው እሑድ ያጎታችን ልጅ ፉፋ እዚህ ጉደር አገባ። ባንዱ እንዲጫወትለት ለምኜ እሺ አሉኝ። እኔ ቤዙንና ድምፅ ማጉያውን ይዤ ቀደምኩ፤ ሌሎቹ ተከትለውኝ ሲመጡ መኪናቸው መንገድ ላይ ተበላሸ። ከወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ሽቦ ተስቧል፣ ዳሱ ሞልቷል፣ ሙሽሮቹ ገብተዋል፤ ያለሁት እኔ ብቻ።

የለመድኩትን ዱም ዱም ጀመርኩ። ሕዝቡም በጨዋ ደንብ ዘፈኑ እስኪጀመር ጠበቀ። ጠበቀ፣ ጠበቀ። መቼም ቀልድ የማያጣው ደግፌ፣ ክራሩን ጉንፋን ይዞታል፣ ዳማከሴ ጭመቁለት ሲል ዳሱ በሳቅ ተናጋ። አባባ ከሽማግሌዎቹ መሃል አንገታቸውን ደፉ። ልጃቸው አዝማሪ መሆኑ ሳያንስ የሠርግ መሳቂያ ሆነ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኔ ነው ወንዝ ወርደሽ ልብስ ስታጥቢ የምታንጎራጉሪያት ዜማ ትዝ ያለችኝ። ሴት ልጅ በዚህ በወፍራም ድምፅ አትዘፍንም እየተባልሽ ሠርግ ላይ ዝም ትዪ ነበር፤ ከወንዙና ከእኔ በቀር ሰሚ ያለሽ አይመስለኝም ነበር። እትዬ፣ እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም እንጂ ከዚያ ሁሉ መሣሪያ ቤዝን የመረጥኩት ድምፁ ያንቺን ስለሚመስል ነው። ዱም ዱሙን ተውኩና ዜማሽን ብቻዋን ቀስ አድርጌ አወጣኋት። ከወፍራሙ ክር ጀምሬ ወደ ቀጭኑ እየወጣሁ፣ አንቺ ትንፋሽ የምትወስጂበት ላይ እኔም እያረፍኩ። ሳቁ ቆመ። ሴቶቹ ለስለስ አድርገው ማጨብጨብ ጀመሩ። ለካ እማዬና አባባም ከሩቅ ይሰሙሽ ኖሯል፤ እማዬ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባባ ግን ብድግ ብለው ከዳሱ ወጡ።

ጉድ ፈላ አልኩ። ቢሆንም አላቆምኩም፤ አንቺን መሃል ላይ ማቋረጥ አቃተኝ።

የታጨሽለትን ሰው ትተሽ ከበድሉ ጋር ከሄድሽ ወዲህ አባባ ስምሽን ጠርተው እንደማያውቁ ታውቂያለሽ። በየመስቀሉ ልጆቻቸውን በየተራ ሲመርቁ የበኩር ልጃቸውን አንቺን ዘለው ከእኔ ይጀምራሉ። እኛም ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ አሜን «ሐዬ» እያልን ተቀበልን።

ማምሻውን ሙሽሮቹን የሚመርቁት እሳቸው ነበሩና ተመልሰው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። እጃችንን ዘረጋን። ሙሽሮቹን መርቀው ሲያበቁ እንደ ልማዳቸው ወደ ልጆቻቸው ዞሩ። የእኔን ስም ስጠብቅ፣ «ዱሬቲ ባለችበት ትባረክ» አሉ። እማዬ ብቻዋን «ሐዬ» አለች፤ ከዚያ ዳሱ ሁሉ ተከተላት። ሁለተኛ መሆን እንዲህ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እትዬ፣ ነይ። የዚያችን ዜማ መጨረሻ አላውቃትም። ልብሱን ጨምቀሽ ስትጨርሺ፣ ሞቱማ ና ተሸከም ብለሽ ስለምትጠሪኝ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ትቋረጥ ነበር። እሑድም እዚያው ላይ አቆምኩ። መጥተሽ አስጨርሺኝ።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭሽን ስማሻለች፤ ለአዱኛ ያስቀመጠችው በሶ አለ። ታናሽ ወንድማችን ጉታ አንቺንም በድሉንም እጅ ነሥቷል፤ ቁመቱ እኔን አልፎኛል። ሙሽራው ፉፋና ባለቤቱ ሰላም ብለውሻል። ደግፌ እንኳ ክራሩ ዳነ በልልኝ ብሏል።

ይህን ስጽፍ አባባ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ፊደል እንዳልቆጠሩ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን ብዙ ካዩ በኋላ የእኔ ስም የቱ ጋ ነው ብለው ጠየቁኝ። በስድስት ዓመት ደብዳቤዬ ሁሉ የሳቸው ሰላምታ ኖሮ አያውቅምና፣ የለም አልኳቸው። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ እንግዲያው ጻፈዋ አሉኝ።

አባትሽ ጉደታ ሰላም ብለውሻል።

ወንድምሽ ሞቱማ ጉደታ
ጉደር፣ ጥር 26 ቀን 1964 ዓ.ም.