ሉክሰምበርግ ሩቅ ነው?

ለልጄ ለኢዳሊና፤ ሰላምታዬ ሉክሰምበርግ ድረስ ይድረስሽ። እኔ እንደ ወይን ግንዳችን ጠንክሬ አለሁ። የምትጽፍልኝ ፖስተኛዋ ዙልሚራ ናት።

እናትሽም ደህና ናት። ዛሬ ጠዋት «ሉክሰምበርግ ሩቅ ነው?» አለችኝ። «ከፖርቶ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው» አልኳት። ጢሜን ተላጭቼ ሳልጨርስ ደግማ ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ነገርኳት። ከሰዓት በኋላ የክት ጫማዋን አድርጋ፣ አንቺን ልትቀበል አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆማ አገኘኋት።

ዙልሚራ «ጋሽ ዣሲንቶ፣ ቶሎ ነይ በሏት እንጂ!» ትለኛለች። «አንቺ ያልኩሽን ጻፊ!» አልኳት። እኔ ልጄን አልለምንም። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ አንቺው ታውቂዋለሽ።

ከመጣሽ ግን ቁልፉን እንደ ድሮው ከአበባው ሸክላ ስር አትፈልጊው፤ አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። አንኳኪ፣ እከፍትልሻለሁ። ስትገቢም እናትሽን ከመሳምሽ በፊት ስምሽን ንገሪያት።

ደህና ሁኚልኝ። ፊርማዬ የአውራ ጣቴ አሻራ ነው፤ አባትሽ ዣሲንቶ።