ለመልካም ዕድል የፈሰሰው ውሃ ሱቄ ስለ መግባቱ

ለክቡር ኢንጂነር ክራሲን ድሬንስኪ
የሰፈራችን የአረንጓዴ ቦታዎችና የዝናብ ውሃ ጉዳይ ኃላፊ
ሶፊያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንዲሰነብቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቢሮዎም እንደ ወትሮው ደረቅ ሆኖ እንዲቆይ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ትንሽ እግሬን ይበርደኛል እንጂ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ራይና ቶሞቫ እባላለሁ። ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል በሆነ ሱቅ፣ ቁጢጥ ለሚሉ ደንበኞች ሲጋራና ቢራ የምሸጠው ሴት ነኝ። ጉልበታቸው እምቢ ያላቸው ሰዎች በጫማቸው መስኮቱን መታ መታ ያደርጋሉ፤ ማን እንደመጣም ከጫማው አውቃለሁ። የእርስዎንም አውቀዋለሁ፤ ቡናማ ነው፣ ውሃ ነክቶት አያውቅም።

ከሱቄ ፊት ያለውን አስፋልት አስነስተው ዝናብ የሚመጥ የአትክልት ቦታ ሊሠሩልን ሲነሱ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ነበርኩ። ከቪቶሻ ተራራ በኩል የሚመጣው ዶፍ ቱቦ ከሚያጨናንቅ ጎድጎድ ያለ መሬት ውስጥ ገብቶ፣ ሸምበቆውና አበባው ጠጥተውት፣ የተረፈው ቀስ ብሎ እንደሚሰርግ በስብሰባው ላይ ሲያስረዱን እጄን ያወጣሁት ከልቤ ነው። ዛሬም ሐሳቡ ትክክል ነው እላለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ምርቃቱ ቀን። በልማዳችን ነገሩ ሁሉ እንደ ውሃ ይፍሰስ ተብሎ፣ አበባ የተነከረበትን የመዳብ ባልዲ በእግርዎ ገፍተው ሲደፉት፣ ውሃው ወደ አትክልቱ አመራና ከጠርዙ ድንጋይ ጋር ተጋጠመ። ድንጋዩ ዙሪያውን ቆሟል፤ ለውሃ የተተወች አንዲት መግቢያ የለችውም። ውሃውም ታጥፎ፣ ድንጋዩን ተከትሎ፣ በመስኮቴ ገብቶ ብስኩቶቼ ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ እያየ ነበር፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛው የትራም ነጂ ጋሽ ዝላትኮ ጎንበስ ብለው፣ «ራይንቼ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ዕድሉ አንቺ ቤት ገባ እኮ!» ሲሉኝ፣ «ይውሰዱት ጋሼ፣ እኔ ደረቅ ብስኩቴ ይበቃኛል» አልኳቸው። እርስዎም ሳቁ። ክቡርነትዎ በሳቁበት ሰዓት የድንጋዩ ሲሚንቶ ገና አልደረቀም ነበር።

ሁለተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ስለጣለው ዝናብ ሁሉ። ለሸምበቆው የታሰበው ውሃ እኔ ጋ ሲገባ ሸምበቆው በጥም ደረቀ። መሥሪያ ቤትዎም አዝኖለት ቦቴ መኪና ላከለት። ሹፌሩ በዶፍ ውስጥ፣ የዝናብ ልብስ ለብሶ አትክልቱን ሲያጠጣ አይቼ «የኔ ወንድም፣ ደህና ነህ?» ስለው፣ «ምን ላድርግ እህቴ፣ ዛሬ የእናንተ ሰፈር ተራ ነው» አለኝ። እሱን አልወቅሰውም፤ እሱም እንደኔ እግሩ ርሶ ነበር።

ሦስተኛ፣ ድንጋዩ ሁለት ሦስት ቦታ እንዲከፈት ላቀረብኩት ልመና ስለሰጡኝ መልስ። ድንጋዩ አትክልቱን ከመኪናና ከውሻ እንደሚጠብቅ፣ ከተነካም የተቋራጩ ዋስትና እንደሚሰረዝ በትሕትና ገልጸውልኛል። ከልብ አመሰግናለሁ። ከመኪናም ከውሻም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከዝናብ ጠብቆታል።

ከዚህ በኋላ መቁጠሩን ልተወው፤ ቁጥር አያስኬደኝም። ሱቄ እሠራበት የነበረው ፋብሪካ የተዘጋ ጊዜ የከፈትኳት መስኮት ናት፤ ሁለት ልጆች አሳድጌባታለሁ። ማቀዝቀዣዬ ውሃ ገብቶበት ተቃጠለ፣ ግድግዳዬ ሻገተ። የቤቱ ባለቤትም ባለፈው ሳምንት ወርዶ ግድግዳውን በጣቱ ፈረፈረና፣ «ራይና፣ አትቀየሚኝ፤ የመከሩ ዝናብ እንዲህ ከገባ መስኮቱን በጡብ እደፍነዋለሁ። ሕንፃው ይናድብኝ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፣ አዝኛለሁም፤ በወንዝ ሙላት ብጠፋ አንድ ነገር ነው፣ በአበባ መደብ ምክንያት መጥፋት ግን ለሰው ሲያወሩትም ያሳፍራል።

ካሳ አልጠየቅሁም። የምጠይቀው አንድ ሰው መዶሻ ይዞ አንድ ጠዋት እንዲመጣ ብቻ ነው።

የአትክልትዎን ጥም በየዝናቡ ተሸክማ የምትጠጣልዎ፣ ክቡርነትዎን ከእግረኛ መንገድ በታች ሆና በአክብሮት ሽቅብ የምትመለከት፣

ራይና ቶሞቫ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመከር ወደ ከፍ ያለ ሹመት ሊዛወሩ እንደሆነ ሰምተናል። መንገድ ለሚጀምር ሰው ደጁ ላይ ውሃ መድፋት ልማዳችን ስለሆነ፣ ከጋሽ ዝላትኮ ጋር ሆነን እንመጣለን። በምርቃቱ ቀን ጥለውት የሄዱት የመዳብ ባልዲ እኔ ጋ ነው፤ ሱቄ ወለል ላይ የተኛውን ውሃ የምቀዳው በእሱ ነው፣ ሞልቶም ይጠብቅዎታል። ያንን ቡናማ ጫማ ግን ባያደርጉ ይሻላል።