የላላው ክሊፕና የአባዬ አንዲት ቃል

ለወንድም ጋሼ፣

በመጀመሪያ እንደምን አለህ? በሁለተኛ እንደምን ሰነበትክ? ጤናን ሦስት ጊዜ ያልጠየቀ ደብዳቤ ከስድብ አይሻልም ብላ እማዬ ስላስጠነቀቀችኝ፣ በሦስተኛ ደግሞ ወገብህ እንዴት ነው? ካርቶን ስትሸከም ያመመህ ትከሻህስ ተሻለው? ትበላለህ? እንቅልፍ ይወስድሃል? ካልሲህን ታጥባለህ? የመጨረሻዋ የእኔ ናት፤ ሌሎቹ የእማዬ ናቸው። እኛ ከናፍቆትህና ከአጎታችን ወሬ በቀር ምንም አላመመንም። ታላቅሽ ነውና «አንቱ» እያልሽ ጻፊለት ተብዬም ነበር፤ አንድ መስመር ሞክሬ ጣቴን ቁርጠት ሲይዘኝ ተውኩት።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ለአባዬ የላክሃትን ሰንጢ ያመጣልን የሥራ ባልደረባህ ነው፤ እኛ ቤት «ባለሻንጣው» እንለዋለን። ሐሙስ ይመለሳል። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ የእማዬ ስለሆነ ነው። አጠገቤ ትቆምና እኔ ገና ሄሎ ሳልል እሷ ታለቅሳለች። ደግሞም ስህተቱ የመጣው በጽሑፍ ስለሆነ የሚመለሰውም በጽሑፍ ነው። የምን ስህተት እንዳትለኝ፣ እደርስበታለሁ። ቆመህ እያነበብክ ከሆነ ግን ተቀመጥ።

ከሰንጢዋ ልጀምር። ባለሻንጣው ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ አባዬ ቀና ብሎ እንኳ አላየም። የአንድ ሶፋ ሆድ ዕቃ ዘርግፎ ሞላ እያሰረ ነበር። አንተ «ዕድሜዬን ሶፋ ሆድ ውስጥ አልጨርስም» ብለህ ከወጣህ ወዲህ፣ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ስምህ በተነሳ ቁጥር መዶሻ ያነሳል። ስልክህ ሲጮህ ሚስማር በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ሚስማር ይመታል። ሰፈሩ አንተ እንደደወልክ የሚያውቀው በመዶሻው ድምፅ ነው። ያን ቀንም መዶሻውን አነሳ፤ እኛም ሳጥኗን እዚያው ትተንለት ወጣን። እኔ በበሩ ስንጥቅ አየሁት። አድብቼ አይደለም፤ በሩ የተሰነጠቀው በእኔ ጥፋት አይደለም። ሰንጢዋን አወጣት፤ በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርጋት ቀጭ ብላ ተከፈተች። ዘጋት፣ ከፈታት። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ጎኗ ላይ ያለውን ክሊፕ ኪሱ ጫፍ ላይ ሰካና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሞላው ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ነው የሚለብሰው። ክሊፑ እንዲታይ ነዋ።

አንተ ክሊፕ ያላትን ለምን እንደመረጥክ እማዬ አልገባትም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። አባዬ በሠላሳ ዓመት ሥራው ስንት ቢላዋ ከኪሱ ሾልኮ ሶፋ ውስጥ እንደገባበትና ሳያውቅ ሰፍቶ እንደሸኘው የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። በዚህ ከተማ ሰው ቤት ሄደህ ሶፋው ከሥር ከወጋህ፣ ያ የአባዬ ፊርማ ነው።

ችግሩ በሦስተኛው ቀን ክሊፑ ላላ። ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። አባዬ ግን ክሊፑ ላልቷል ከሚል ምላሱን ቢነቅሉት ይሻለው ነበር። መጀመሪያ ሱሪው ነው የሳሳው አለና ሱሪ ቀየረ። ቀጥሎ ቀበቶው ነው አለ። ቀጥሎ እኔ ነኝ የከሳሁት ሲል እማዬ ሆዱን አይታ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

ወሬው ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አጎታችንን ታውቀዋለህ፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ያልተበላሸ ነገር ስለማይወድ። እሱ ማስቲሽ ይለቅለቅ አለ። ጎረቤታችን በያጁ አንዲት ነጥብ ብየዳ ብትነካው እስከ ልጅ ልጅ አይነቃነቅም አለ። ቢላዋዋ ከዚያ በኋላ ትታጠፋለች ወይ ብዬ ስጠይቅ፣ ልጅ ሽማግሌ መሃል አይገባም ተባልኩ። ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ፣ መልሶ አድርጎ፣ ክሊፑን የያዙትን ብሎኖች ራስ መረመረ። የካቻቪቴ መግቢያ የላቸውም፤ እንደ ኮከብ የተቀረጹ ናቸው። ብዙ አስቦ ይህ ብሎን አይደለም፣ ጌጥ ነው ብሎ ፈረደ። ጌጥነቱን ሊያረጋግጥ በፒንሳ ሊይዘው ሲል አባዬ ከእጁ ነጠቀው።

«የልጄን ዕቃ አትነካካ» አለው።

ወንድም ጋሼ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ «ልጄ» ሲልህ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር። እማዬ በእጇ የያዘችው ሰሃን ላይ ዓይኗን ተክላ ቀረች። በያጁ ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ አየሩ ማውራት ጀመረ። ሽማግሌ ሲደነግጥ ወሬው ሁልጊዜ ስለ አየር ነው።

ከዚያ ሰንጢዋ ጠፋች። አንዲት የጥርስ ሐኪም ያሠራችው ባለ አንድ ሰው ሶፋ ተሰፍቶ፣ ተቦርሾ፣ በር ላይ ቆሞ መኪና ይጠብቃል። አባዬ ኪሱን ዳበሰ። ሌላውን ኪስ ዳበሰ። የሸሚዙንም ዳበሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደና ጆሮውን ሶፋው ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጠ፤ ነቅነቅ አደረገው፤ ከውስጥ ቅጭል አለ። ሁለት ቀን የፈጀበትን ስፌት ሐኪሟ እያየችው መተርተር ጀመረ። ምን ሆንክ ስትለው ስፌቱ አላረካኝም አላት። ሰንጢዋ በሞላውና በስፖንጁ መሃል ተጋድማ ተገኘች፤ ከጀርባው ደብቆ ለእኔ አቀበለኝ። ሐኪሟ በሕይወቷ እንዲህ ለሥራው የሚጨነቅ ባለሙያ አይታ እንደማታውቅ ለመንደሩ ሁሉ አውርታለች። እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊፑ ላልቷል ብዬ መልእክት የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ለመክሰስ አልነበረም፤ ምን ላድርግ ለማለት ነበር። ከመልስህ በፊት ግን ትዕግሥቴ አለቀና ሰንጢዋን ይዤ ሞባይል ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። የስልክ ብሎኖችም እንደዚሁ ኮከብ ናቸውና መፍቻው አለው። ሦስቱን ብሎኖች ፈትቶ አሳየኝ፤ ከፋብሪካው የወጣ ቅባት ጥርሳቸው ውስጥ ሞልቶበታል። እንዲሁ ቢያስሩት ቅባቱ ያንሸራትተውና ነገ ተመልሶ ይላላል አለኝ። በአልኮል ጠራርጎ አደረቃቸው። አሁን ጥርሱ ላይ ጠብ ተደርጎ ብሎኑን ይዞ የሚያስቀር ነገር ያስፈልጋል፣ የእኔ አልቋል፣ የጥፍር ቀለም ግን ያንኑ ይሠራል፣ አለሽ ወይ አለኝ። እዚህ ላይ አንድ ምሥጢር ልናዘዝ፤ የጥፍር ቀለም አለኝ። ቀይ ነው። እማዬ እንዳታገኘው የስፖንጅ ቁርጥራጭ ጆንያ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ሮጬ አመጣሁለት፤ ለእያንዳንዱ ብሎን አንዲት ጠብታ አድርጎ አጠበቃቸው፤ እስከ ነገ ማንም እንዳይነካው አለ።

ለአባዬ ሰንጢዋን ሰሃን ላይ አድርጌ አቀረብኩለት። ቀዮቹን ነጠብጣቦች አይቶ ደም ነው ወይ አለ። ቀለም ነው አልኩት። የማን ቀለም? የሳይንስ አልኩት። እማዬ ከወጥ ቤት ሆና የትኛው ሳይንስ እንደሆነ አውቃለሁ አለች፤ ያ ጆንያ ለካ ለእሷ ምሥጢር አልነበረም። አባዬ ደግሞ እንኳን እስከ ነገ፣ እስከ ሻይ ሰዓት መታገሥ አቃተው። ሰሃኑን ይዞረዋል፣ ጣቱን ዘርግቶ ይመልሳል፣ እኔ እጁን ቸብ አደርጋለሁ። ልጅ ወደ ማር ማሰሮ እንደሚሄደው ነው።

የአንተ መልስ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት፦ «ጣሉት፣ ሌላ እልካለሁ። አባዬስ?» አባዬ ቀጥ ብሎ ቆመ። «የሚጣል?» አለና ስልኩን አምጪ ብሎ እጁን ዘረጋ። መነጽሩን አደረገ። በአንድ ጣት፣ ሚስማር እንደሚመታ ሰው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየመታ ሩብ ሰዓት ሙሉ ጻፈ። በሕይወቱ የላከው የመጀመሪያ መልእክት ነው። የጻፈውም አንዲት ቃል ናት፦

«ይጠብቃል።»

የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ። በማግስቱ ደውለህ ለእማዬ «ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ በወሩ መጨረሻ እመጣለሁ፣ አባዬ እንደሚጠብቀኝ ካወቅኩ ምን ያስቀረኛል» አልካት። እማዬ ስልኩን ይዛ ቁጭ አለች። ኢንጂነሩ ሊቀበልህ አንድ ነገር ካልጠገንኩ ብሎ ደህናውን የውጭ መብራት አበላሸ። በያጁ በራችንን ቀለም እየቀባ ነው። ደስታው እስከ ቤቱ ጣራ ነው፤ እኔና አባዬ ብቻ እንደ ሌባ ዓይን ለዓይን ተያየን።

ቋንቋ አስተማሪያችንን አስታውሳቸው፣ «አጥብቀው» የምንላቸውን። አንድ ቃል በተነበበ ቁጥር ይጠብቃል ወይስ ይላላል እያሉ ዕድሜያችንን የጨረሱት። ይኸው ጠቀሙኝ። በአባዬ ቃል ውስጥ ያለችው ብ ስትላላ፣ የላላ ነገር ጠበቅ ይላል ማለት ነው። ብ ስትጠብቅ ሰው ሰውን ይጠብቃል። ክሊፑ ሲጠብቅ ፊደሏ ትላላለች፤ አባት ሲጠብቅ ፊደሏም ትጠብቃለች። ሲጻፍ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። አባዬ የመለሰው «ጣሉት» ላልከው ነበር፤ አንተ ያነበብከው «አባዬስ?» ላልከው ነው። እውነቱ ይህ ነው፤ ጥፋት ካለም መልእክቱን ሲልክ አጠገቡ ሆኜ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስተህ እንድትመጣ፣ መጥተህም እውነቱን ከኢንጂነሩ አፍ እንድትሰማ አልፈለግኩም።

ትናንት ግን አባዬን ብቻውን አግኝቼ ጠየቅኩት። ያቺ ቃል ስትነበብ ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች አልኩት፤ ልዩነቱን አስረዳሁት፤ አንተም እንዴት እንዳነበብካት ነገርኩት። ጥያቄዬን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሰንጢዋን ከኪሱ መዘዘ፣ ሲባጎ ቆረጠ፣ መልሶ ሰካት። ክሊፑ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ እንዲህ አለ፦

«አንብቦ ከመጣ፣ ልክ አንብቦታል።»

መዶሻውን አነሳ። እኔም ለምዶብኝ ጆሮዬን ያዝኩ። ሚስማሩን ግን የመታው በትክክለኛው ቦታው ላይ ነው፤ አንዴ ብቻ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላቃጥርልህ። አንተ ትተኛበት የነበረውን ሶፋ ከጓዳ አውጥቶ ሆዱን ዘርግፎታል። አዲስ ስፖንጅ ቆርጦለታል፣ ያውም ለደንበኛ የማያደርገውን ወፍራሙን። ለማን ነው ብለው፣ ለማንም አይደለም፣ ሞላው ላልቶ ነው አለኝ።

እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ ሹራብ አትርሳ፣ ካልሲህን እዚህ አምጥተህ አትቆልል ትላለች፤ ይህ ግን ከእሷ ይሁን ከእኔ አላስታውስም። ኢንጂነሩ ሰላም ብሎሃል፤ ስትመጣ የተበላሸ ነገር ካለህ ይዘህ እንዳትመጣ በእኔ በኩል እለምንሃለሁ። በያጁም ሰላም ብሎሃል፤ በሩ ገና እርጥብ ነውና አትደገፈው ብሏል። አባዬ ሰላምታ ልጻፍለት ወይ ስለው ብዙ አሰበና ሌላ ሰንጢ እንዳያመጣ፣ ይህቺ ትበቃኛለች በይው አለ። ፖስታውን ያሸግኩት በቀዩ ቀለም ነው፤ ደም መስሎህ እንዳትደነግጥ። እስክትመጣ ድረስ ሁላችንም እንጠብቃለን። ይህቺን እንኳ አጥብቀህ አንብባት።

ታናሽ እህትህ

ከሶፋ ቤቱ፣ ሆዱ ከተዘረገፈው ሶፋህ አጠገብ
ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን