ማንም አይጠይቅሽም የተባለችው ስድስት

ለክቡር ፕሮፌሰር ቡዲሚር ስታኖይሎቪች
የሥነ ልቦና ማስተርስ ቅበላ ኮሚቴ ሰብሳቢ

ከሴንካ ቬሊችኮቭ፣ ኪኪንዳ፣ ሰርቢያ

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎም ከወንበርዎ ጋር የተስማማ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ግን የአመልካቾች ዝርዝር በፋኩልቲው በር ላይ ከተለጠፈበት ከሰኞ ጀምሮ ከወንበር ጋር ተጣልቻለሁ። ኮሪደሩን ስመላለስበት የጽዳት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ስሚልካ፣ «አንቺ ልጅ፣ ወይ ተቀመጪ ወይ መወልወያውን ያዢ፤ ያጸዳሁትን ሁሉ እኮ ረገጥሽው!» ብለውኛል።

አማካይ ውጤቴ ከአሥር 7.97 ነው። ለመግቢያ ፈተና የሚቀመጠው 8.00 እና ከዚያ በላይ ያለው ብቻ በመሆኑ፣ ከስሜ ጎን «አታሟላም» ተብሎ ተጽፏል። ቅሬታ የሚቀርበው እስከ ነገ ዓርብ ቀትር ነውና ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1. ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ሦስት መቶኛ የጎደላት ሴት የሰው ጭንቀት ብታዳምጥ ምን ጉድ እንደሚፈላ ማን ያውቃል? አባቴ በስትሮክ ንግግሩን ሲያጣ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ቃል በቃል አስለመድኩት። ያኔ አማካይ ውጤቴን ሳያጣራ እሺ ማለቱ የእሱ ግድየለሽነት ነው።

2. በቅጹ ላይ «ወደዚህ ሙያ ምን ሳበዎት?» ለሚለው ጥያቄ ሁለት ሙሉ ገጽ ስለተዉልኝ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ሞላሁ። ትናንት ቅጹ ያለበትን ፖስታ ሲመልሱልኝ አልተከፈተም ነበር።

3. ይህኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። የዛሬ አራት ዓመት በሰኔ፣ ለስታቲስቲክስ የቃል ፈተና ከፊትዎ ተቀምጬ ነበር። አባቴ በስትሮክ የወደቀው በዚያው ጠዋት ነው፤ ወደ ኪኪንዳ የሚሄደው አውቶቡስ ሊነሣ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። እንደ ወጉ «ስድስት ትወስጃለሽ ወይስ በመስከረም ትመለሻለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ሰዓቴን ሳይም በአባት ድምፅ፣ «ውሰጂ ልጄ፤ ስድስትም ማለፊያ ነው። ከተመረቅሽ በኋላ ማንም አይጠይቅሽም» አሉኝ። የውጤት ደብተሬ ላይ ጽፈው ፈረሙልኝ፤ አመስግኜዎት ሮጥኩ። ያን ቀን ምስጋናዬ ከልብ ነበር።

አሁን ሠላሳውን ፈተና ደጋግሜ ደምሬዋለሁ። ያቺ ስድስት ሰባት ብትሆን ኖሮ አማካዩ ልክ 8.00 ይመጣ ነበር። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ ፈርቻለሁም፤ ከዚህ ሙያ ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም። ውጤቴ ይስተካከል አላልኩም። የምለምነው ለፈተናው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ እግሩ የሚንቀጠቀጠውም ይበቃኛል፣ የእኔም ይንቀጠቀጣል።

ከ8.00 በሦስት መቶኛ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ዓርብ ቀትር እስኪሆን ከቢሮዎ ደጃፍ የማልጠፋ ታዛዥዎ፣
ሴንካ ቬሊችኮቭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስድስቷና ፊርማዎ ጎን ለጎን ያሉበትን ገጽ ቅጂ አያይዣለሁ። ቃልዎ እውነት እንደነበር ልመስክርልዎት፤ ከተመረቅሁ ወዲህ አሠሪም፣ ሐኪምም፣ አባቴም ስለዚያች ስድስት ጠይቀውኝ አያውቁም። የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።