በአሮጌው ሽቦ የመጣው ምስል

አባባ፣

ይህን ደብዳቤ መነጽርዎን ፈልገው፣ ወንበርዎን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ሲያነቡት በሐሳቤ እያየሁ ነው የምጽፈው። እንደምን ከረሙ? ያ የወገብ ሕመም ለቀቀዎት ወይስ ዛሬም ሲነሡ ጠረጴዛውን ይደገፋሉ? የእናቴ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ታላቅ ወንድሜን አዲሱ ሥራ ተስማማው? ስልክ ስደውል እየተቀባበላችሁ «ደህና ነን» ብቻ ስለምትሉኝ ልቤ አያርፍም። በጽሑፍ መዋሸት ይከብዳልና እስቲ ሁሉን በዝርዝር ጻፉልኝ። እኔ ተመስገን ነው፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም።

ዛሬ ግን የምጽፈው ለሰላምታ ብቻ አይደለም። የምነግርዎ ነገር አለኝ። በስልክ ብነግርዎ መስመሩ ይቆራረጥና ወዙ ይጠፋል ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ በሆዴ ይዤው ሰነበትኩ።

እንደሚያውቁት ቤት ለቤት እየዞረ ቴሌቪዥንና ፕሮጀክተር በሚገጥም ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ መሰላል ስይዝና ካርቶን ስከፍት ነው የኖርኩት። አለቃችን ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ከኋላው «ሜትር» እንለዋለን። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን አንዴ ከተናገረ አይመለስም።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ይዞን ሄደ። ሴትየዋ ጡረታ የወጡ የሩጫ አሠልጣኝ ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ ሄዶ አሁን ትልቅ ነገር ካልሆነ አይለዩም። ከልጅነቷ ጀምረው ያሠለጠኗት ሯጭ ቅዳሜ ከሰዓት ትልቅ ውድድር ነበራት። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ውድድሮች ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጠው በጆሯቸው ብቻ ነው የተከታተሉት። ይህን ያየች ልጃቸው ግድግዳ የሚያክል ምስል የሚያወጣ አዲስ ፕሮጀክተር ገዝታ ላከችላቸው።

ችግሩ ግድግዳው ነው። አናጢ የነበሩት ሟቹ ባለቤታቸው ምስል ከሚያርፍበት ነጭ ግድግዳ በቀር ሳሎኑን ከወለል እስከ ኮርኒስ በእንጨት አልብሰውታል። ቅጠሉና ሐረጉ ሁሉ በእጅ የተቀረጸ ነው፤ አባባ፣ ቢያዩት በመዳፍዎ ሳይዳስሱ አያልፉም። ከእንጨቱ ጀርባ ከድሮ ፕሮጀክተር የተረፉ ሦስት ሽቦዎች አሉ፤ ጫፋቸው አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የሆነ፣ የዱሮው ዓይነት። አዲሱ ፕሮጀክተር ደግሞ የሚቀበለው ኤችዲኤምአይ የሚባለውን የዛሬውን ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው ሽቦ ብቻ ነው። አዲሱን ከአሮጌው ጫፍ አስረን ስበን እንዳናስገባ፣ ሰውየው ሽቦውን ያለ ቱቦ በሚስማር እየያዙ ስላሳለፉት አይሳብም። ያለ ሽቦ የሚልክ መሣሪያም ሞከርን፤ ምስሉ በየደቂቃው ይቆም ነበር።

ሜትር አንገቱን ነቀነቀና «ሁለት እንጨት ተነቅሎ መሰርሰር አለበት» አለ። ሴትየዋ ድምፃቸውን ሳያነሡ «እሱ የነካውን ማንም አይነቅልብኝም፤ በላዩም ሽቦ አይዘረጋበትም። ፕሮጀክተሩን መልሱት፤ በጆሮዬ እሰማለሁ» አሉ። ሜትር ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ።

እኔ እንዴት አፌን እንደከፈትኩ አላውቅም። «አሮጌው ሽቦ ራሱ ይበቃ ይሆናል፤ እስከ ዓርብ ስጡኝ» አልኩ። ሜትር ከላይ እስከ ታች አየኝና «ካልሆነ በራስሽ አፍ ትነግሪያቸዋለሽ» ብሎኝ ሄደ።

በመጀመሪያ ምስሉን ወደ ሦስቱ ሽቦ የሚቀይርና እዚያ ማዶ መልሶ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚለውጥ መቀየሪያ አደረግሁ። ምስሉ መጣ፤ ግን የሰው ፊት ሁሉ እንደ ሣር አረንጓዴ ሆነ። እርስዎ ቢሆኑ ምን እንደሚያደርጉ ስለማውቅ ከመገመቴ በፊት የሽቦ መፈተሻ ቴስተሬን አወጣሁ። ቀዩ ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ተበጥሷል፤ ከሚስማሮቹ አንዱ ሳይወጋው አልቀረም። ሁለቱ ግን ደህና ናቸው።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ በእግሬ ሄድኩ። በጥገና ሱቃችን ሳለን እርስዎ የጣሪያውን አንቴና በአንዲት ወፍራም ሽቦ ብቻ ወደ አራት ቴሌቪዥን ሲያደርሱ ትዝ አለኝ። የዚህ ቤት ሽቦም ሲላጥ ያው ነው፤ መሐሉ መዳብ፣ ዙሪያው መረብ። ጠይቄ ሳጣራ የዛሬውን ምስል በአንድ የአንቴና ሽቦ ብቻ አሳልፈው የሚልኩ ጥንድ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ መላኪያ፣ አንዱ መቀበያ። ሐሙስ እጄ ገቡ።

ዓርብ ጠዋት የአረንጓዴውን ሽቦ አሮጌ ጫፍ ቆርጬ የአንቴና ጫፍ ገጠምኩለት። ከግድግዳው የወጣው ትርፍ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም ነበር። ፕሮጀክተሩን ስከፍተው ግድግዳው ላይ የመጣው ባዶ ሰማያዊ ብቻ ነው። ሁለቱን ሳጥኖች አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ሴትየዋ ከኋላዬ ተቀምጠው «አይዞሽ ልጄ፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ» አሉኝ፤ ሯጮቻቸውን እንደዚያ ይሉ ነበር መሰለኝ። ጫፉን ፈትቼ በማጉያ መነጽር ሳየው ከመረቡ አንዲት ፀጉር የምታህል ክር መሐሉን ነክታለች። እንደገና ቆርጬ ገጠምኩ፤ የቀረኝ አራት ጣት ነበር። አባባ፣ ምስሉ መጣ። ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ፣ ቀለሙ ያልተዛባ።

ቅዳሜ እንድመጣ ጠርተውኝ ሄድኩ። ሜትርም ሥራውን አያለሁ ብሎ መጣና በር ላይ ቆመ። ሩጫው ሲጀመር ሴትየዋ ጆሯቸውን ወደ ተንታኙ ድምፅ አዞሩ። የሚያዩ አልመሰለኝም፤ ልጠይቃቸውም ፈራሁ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዘንበል ብለው «ክርኗን አነሣች። ሲደክማት ክርኗን ታነሣለች፤ ስንት ዓመት ነገርኳት» አሉ። ተንታኙ እኮ ስለ ክርን ምንም አላለም፤ እሳቸው ናቸው ያዩት። ልጅቱ ሦስተኛ ወጣች። እሳቸው አላጨበጨቡም፤ እጄን ይዘው እስኪያልቅ አልለቀቁኝም።

ስንወጣ ሜትር «ይህን የት ተማርሽ?» አለኝ። «ከአባቴ» አልኩት። «መሐንዲስ ናቸው?» አለ። «የለም፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው» ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ መለስኩለት። ከትናንት ወዲያ ሰኞ ጠዋት በሠራተኛው ሁሉ ፊት የድሮ ሽቦ ያለበት ቤት ከዛሬ ጀምሮ የእኔ እንደሆነ ተናገረ። አሁን መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው አለ። ትናንት ራሱ ሜትር ያዘልኝ፤ ቁመቱ ስለሚበቃ እሱ መሰላልም አያስፈልገውም ብለን ሳቅን።

እናቴን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ደረጃውን በቀን አንዴ ብቻ ትውጣ። ወንድሜንና ሚስቱን፣ አዲስ የተወለደችውንም ሕፃን እቅፍ አድርጋችሁ ሳሙልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊውን ሰላም በሉልኝ። አክስቴንም አደራ ሰላም በሉልኝ፤ «ሴት ልጅን ሽቦ ሲያስፈትቱ ዕድሜዋን ጨረሱት» ብላ ስትቆጣዎት እርስዎ ሥራዎን ሳያቆሙ «ታይዋለሽ» ያሏትን አልረሳሁትም። ይህችን ደብዳቤ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላት።

ሁልጊዜ የምትኮራብዎ ልጅዎ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ የካቲት 12 ቀን