ጀልባህ አላፈሰሰችም

ደምሴ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሦስተኛው ክረምት ወጣ። ሙት ዓመትህን አውጥተናል፤ ጥቁሬንም አውልቄያለሁ። ሰው ሁሉ "በረታች" ይለኛል። እኔ ግን ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። መቃብርህ ድረስ ልነግርህ ሁለት ጊዜ መጣሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ አጠገቤ ሰው ነበረና አልቅሼ ብቻ ተመለስኩ። ብጽፈው ይቀለኛል ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሕይወት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት በልጣኛለች። ስትናደድ እንዳንተ ዝም ነው የምትለው። የብየዳ ቤትህን አንድ የውጫሌ ሰው ተከራይቶ በርና መስኮት ይሠራበታል። ማሽኑ ሲጮህ መጀመሪያ ሰሞን ከጓዳ ብድግ ብዬ እወጣ ነበር፤ አሁን ለመድኩት። አምባሰል ያሉት እናትህም ደህና ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን ዛሬም "የደምሴ ሚስት መጣች" ነው የሚሉት።

ልነግርህ የፈለግሁት ስለ ጀልባዋ ነው።

የመስከረም ተጓዦች ከግሸን ሲመለሱ ሐይቅ ከተማ ማደሪያ አጥተው በየበረንዳው ሲተኙ አይተህ፣ "ውኃው ላይ ቤት እሠራላቸዋለሁ" ያልከኝን አልረሳውም። እኔም ከሰው ጋር ሆኜ ሳቅሁብህ። አንተ ግን ዓመት ከመንፈቅ ፈጀህባት። ሆዷን በላሜራ በየድክ፤ በላዩም ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት አቆምክ። የታችኛውን ብየዳ ከወንድምህ ከአበባው ጋር በጀርባችሁ ተጋድማችሁ ስትሠሩ፣ ብልጭታው ሸሚዛችሁን እያቃጠለው ወንፊት አስመስሎት ነበር። ውኃ ላይ ባወረዳችኋት ቀን በሩ ላይ ቆመህ ስትጠራኝ አቤት ማለት አቅቶኝ እልል አልኩ። የመስኮቶቿ መስታወት ብቻ ሲቀር ጉበትህ ጣለህ። ደሴ ሆስፒታል ተኝተህ እንኳ የምትጠይቀኝ ስለ መስታወቱ ነበር።

ካረፍክ በኋላ የመጀመሪያውን ዓመት አበባው ጠበቃት። በሁለተኛው ዓመት ግን ሌባ መስኮቶቿን ነቅሎ ወሰደ። እኔም ደነገጥኩ። ገመዷን ፈትቼ፣ ከውጫሌ ገበያ ባመጣሁት ወፍራም ሰንሰለት ዳር ላይ ከቀበርከው ብረት ጋር አስጠግቼ፣ አጥብቄ አስሬ በጋን ቁልፍ ቆለፍኳት። የቁልፉን መክፈቻ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት። ያን ቀን እፎይ ብዬ ገባሁ።

ወዲያው አንድ የኮምቦልቻ ሰው ሊገዛት መጣ። ወደዳት፤ ክረምቱ ሲወጣ ሊረከባት ተዋዋልን። አበባው ሲሰማ መጥቶ፣ "እታለም፣ የወንድሜን የእጅ ሥራ ለሰው አትስጪ። ትንሽ ታገሺ፤ መስኮቷን ከነመስታወቱ እኔ አስገብቼ እንግዳ እንቀበልባት" አለኝ። እኔ ግን በየቀኑ ውኃው ዳር ቆማ እያየኋት መኖር አልቻልኩም። ይህን ለእሱ ማስረዳት አቅቶኝ፣ "የእኔ ናት፤ ሸጫለሁ" ብዬ አስወጣሁት።

የዚያን ዓመት ዝናብ ምን ብዬ ልንገርህ። በነሐሴ አንድ ጠዋት ዓሣ አጥማጁ ጎረቤታችን አያ ሰይድ በር ላይ ቆሙ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

"እህቴ፣ ጀልባዋ..."

"ሰረቋት?" አልኩ።

"የለም። ውኃው ውስጥ ናት። ጣራዋ ብቻ ነው የሚታየው።"

ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ። የጣራው ቆርቆሮ አንድ ጠርዝ ብቻ ብቅ ብሎ፣ አንድ ወፍ ተቀምጦበት ነበር። ዳግመኛ የቀበርኩህ መሰለኝ፤ እንደዚያ ነው ያለቀስኩት።

የኮምቦልቻው ሰው መጥቶ ሲያያት በሰው ፊት፣ "የሚያፈስ ጀልባ ነበር ልትሸጪልኝ?" አለኝ። ያንተ ሥራ እንዲህ ሲባል መስማት አልቻልኩም። ዞር ስል አበባው ከሰው መሀል ቆሟል። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ አወረድኩበት። "የከዳው የአንተ ብየዳ ነው! ወንድምህን ከሞተ በኋላ አዋረድከው!" አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ፣ መልሶ አደረገና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን አልመጣም። እንቁጣጣሽ አለፈ፤ ገና አለፈ። ሕይወት "አጎቴስ?" ስትለኝ፣ ሥራ በዝቶበት ነው እላት ነበር። እናትህ ግን አልተታለሉም። "ከሁለት ልጆቼ አንዱን አፈር ወሰደው፤ አንዱን አንቺ ወሰድሽው" አሉኝ።

በጥር ውኃው ሲሸሽ አያ ሰይድ አጥማጆቹን ሰበሰቡልኝ። ገዢው፣ ወጥታ ካየኋት በኋላ እንነጋገራለን ብሎ እሱም ተገኘ። ባዶ በርሜሎች፣ ገመድ፣ አንድ አይሱዙ፣ የመስኖ ሞተርም ተዘጋጀ። በመጀመሪያው ቀን ገመዱ ተበጥሶ የፊቷን መደገፊያ አጥር ገንጥሎ ይዞት መጣ። ውኃው ውስጥ ምን እንደያዛት ያወቀ የለም። በማግስቱ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሊበተን ሲል አበባው መጣ። የጠራው የለም። እኔን ሳያየኝ አልፎ፣ ልብሱን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና የብረት መጋዝ ይዞ ጠለቀ። ትንፋሽ ሊስብ ብቅ ይላል፤ ተመልሶ ይገባል። ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አላውቅም። በመጨረሻ ከንፈሩ በብርድ ጠቁሮ ወጣ። ክንዱ ላይ የጠመጠመውን ነገር ልብሱ ሥር ሸጎጠና፣ "አሁን ጎትቱ" አላቸው።

ወጣች፣ ደምሴ። በጭቃና በአረም ተሸፍና፣ ዘንበል ብላ፣ እንደ በሽተኛ በብዙ ሰው ተደግፋ ወጣች። ውኃውን በሞተር ሲጨርሱላት ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ቀስ ብላ ተንሳፈፈች። ሁሉም ከየት እንደምታፈስ ሊያይ ከበባት። ተከራያችን የውጫሌው ብየዳ ሠሪ ውስጧ ወርዶ መስመር በመስመር በመዶሻ እየነካ ፈተሻት። እስከ ቀትር ጠበቁ። ሆዷ እንደደረቀ ነው።

"አንድም ቦታ የለም" አለ ሲወጣ። "እንዲህ ያለ ብየዳ እኔም አልበይድም።"

አያ ሰይድ ጢማቸውን እያሻሹ፣ "ታዲያ ወላሂ፣ ምን አሰጠማት?" አሉ።

አበባው ቶሎ ብሎ፣ "ዝናቡ ነው። መስኮት አልነበራትም፤ በዚያ ገብቶ ሞላት" አለ።

ያኔ ልብሱ ሥር ያለውን አየሁ። የሰንሰለቴ ጫፍ ነበር፤ ቁልፉ እንደተቆለፈበት። አንተ በነበርክበት ክረምት፣ ሐምሌ ሲገባ ባርኔጣህን አድርገህ ገመዷን ልታላላ ስትወርድ ትዝ አለኝ። "ውኃው ሲነሳ እሷም ትነሳ እንጂ" ትል ነበር። ሰምቼህ ነበር፣ ሆዴ፤ ልብ አላልኩትም እንጂ። ውኃው ሲነሳ እኔ አንድ ጥግዋን ወደ ታች ይዤያት ቀረሁ፤ በዚያው ጥግ ውኃው ገባባት። አበባው ታች ወርዶ ይህን አይቷል። ሰንሰለቱን ቆርጦ የደበቀው ለእኔ ብሎ ነው። ያን ሁሉ ከተናገርኩት በኋላ ለእኔ ብሎ።

ዝም ብል የሚያውቅ አልነበረም። ሄጄ ሰንሰለቱን አነሳሁት። ከአንገቴ መክፈቻውን አውጥቼ፣ በሁሉም ፊት ቁልፉን ከፈትኩት።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "አሳጥሬ አስሬ ያሰጠምኳት እኔ ነኝ። ብየዳውም የበየዱትም ምንም የለባቸውም።"

"እታለም፣ ተይው። ማን ጠየቀሽ?" አለኝ አበባው።

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ። "ተነሽ፣ ጭቃ ነው" አለኝ።

የኮምቦልቻው ሰው ስለተናገረው ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ግን አንዴ የሰጠመ ቤት ውስጥ እንግዳ አላሳድርም አለ፤ ውሉንም በሰላም ቀደድን። የእንጨቱ ቤት አብጦ ስለነበር አበባው በእጁ አፈረሰው። ያን ቀን ይህን ላለማየት ቤት መዋል ሲገባኝ እዚያው ነበርኩ። አንድም ተጓዥ ሳያድርባት ጣውላዋ ተከመረ። ይህ ሐዘን አልወጣልኝም፤ የሚወጣም አይመስለኝም።

ሆዷን ግን የአርዲቦ ገበሬዎች ተባብረው ገዙት፤ ሣርና ሰው ሊያሻግሩባት። በአይሱዙ ዳገቱን ስትወጣ እኔና አበባው በባጃጅ ተከተልናት። አርዲቦ ሐይቅ ላይ ሲያወርዷት ሴቶች ሸክማቸውን ይዘው ወዲያው ተሳፈሩ። አንዷ እናት ጠርዟን በመዳፏ እየዳበሰች፣ "ማነው የሠራት?" ብላ ጠየቀች። አበባው ዞር ብሎ ወደ ውኃው ማየት ጀመረ። መልሱን ለእኔ እንደተወልኝ ገባኝ።

"ባሌና ይሄ ወንድሙ" አልኳት። "ሁለቱ ናቸው።"

ከዚያ ወዲህ አበባው እሑድ እሑድ ይመጣል። ካንተ ጋር ስለሠራው፣ ስለሳቃችሁበትና ስለተጣላችሁበት ያወራናል፤ እኔ የማላውቀውን ደምሴ ከእሱ አፍ እሰማለሁ። ብቻዬን ሳለቅስልህ እሱም እንደኔ አልቃሽህ መሆኑን ረስቼ ነበር። አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። ከእንግዲህ ግን ብቻዬን አይደለም የማስታውስህ፤ ከወንድምህ ጋር ሆኜ ነው።

ባለቤትህ ዘነበች