ዋንጫ ላመጣልን ጉልበት የቀረበ ምስጋና

ጥቅምት 16 ቀን 1982 ዓ.ም.
አዋሳ

ለተከበሩ ጓድ በላይነህ ሀብቴ
የሐይቅ ዳር ቴክኒክ ኮሌጅ የስፖርት ጉዳዮች ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለጤናዎ፣ ለወገብዎ፣ በተለይም ለሁለቱም ጉልበቶችዎ የተሟላ ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ። ጉልበትን ነጥዬ ያነሣሁት በክፋት አይደለም፤ በኮሌጃችን አንድ ጉልበት ሲታመም በባለቤቱ ላይ ምን እንደሚደርስ በዓይኔ ስላየሁ፣ ይህ ዕጣ እርስዎን እንዳያገኝዎት ዘወትር ስለምጸልይ፣ ይቅርታ፣ ስለምታገል ብቻ ነው።

ባህሩ ክንፈ እባላለሁ። በዚሁ ኮሌጅ ሒሳብ ሳስተምር አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። በየስብሰባው ከኋላ የምቀመጥና እርስዎ ተናግረው ሲጨርሱ የማጨበጭብ ሰው በመሆኔ ፊቴን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ እጆቼን ግን በድምፃቸው እንደሚያውቋቸው ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሰኞ ጠዋት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ያስለጠፉት የዘንድሮው የመረብ ኳስ ቡድን ዝርዝር ነው። በተራ ቁጥር አንድ ላይ የሰፈረው ስም ሙሴ ዳንጊሶ ይላል። ይህ ሙሴ ባለፈው ሐምሌ እርስዎ መታወቂያውን አስነጥቀው ከግቢው ያስወጡት ሙሴ መሆኑን ሳረጋግጥ፣ የኮሚቴውን ይቅር ባይነት አድንቄ ምስጋና ላቀርብ ወሰንኩ። ምስጋናዬንም፣ በሙያዬ ልማድ፣ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርበዋለሁ።

1ኛ/ ለሙሴ ትምህርት ስላደረጉት እንክብካቤ አመሰግናለሁ። ልጁ ከቱላ ወደ እኛ የመጣው በማትሪክ ውጤቱ ነበር፤ ኳስ ይችላል ብሎ የላከው ሰው የለም። በገባ በሁለተኛው ሳምንት ግን በምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ከሌሎቹ በአንድ ራስ ረዝሞ አዩት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮም የኮሌጁ ንብረት ሆነ። ቡድኑ ከኅዳር እስከ ጥር ካምፕ ገብቶ ስለነበር ሙሴ በእኔ ክፍል የተገኘው አራት ቀን ብቻ ነው። ፈተናው ሲደርስ ላቡ ሳይደርቅ ወደ ቢሮዬ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ምንም አላጠናሁም፤ ግን ከጓደኞቼ ጋር ልፈተን» አለኝ። በዚያው ቀን እርስዎ አስጠሩኝና፣ «መምህር ባህሩ፣ ይህ ልጅ የሚፈተነው ሜዳ ላይ ነው። አንተ ቢ ስጠውና ነገሩን እንርሳው» አሉኝ።

ሰጠሁት። እዚህ ላይ በዘመኑ ደንብ መሠረት ግለ ሂስ ማድረግ ይገባኛል፤ እስክሪብቶዬ እንኳ ቀለም አልጨረሰም። ያቺን ቢ ያህል ያማረች ፊደል በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም።

2ኛ/ የአማተርነትን ትርጉም ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። የሙሴ ሸራ ጫማ አውራ ጣቱን ማሳየት ከጀመረ በኋላ ልጁ በሲባጎ እያሰረ ይጫወት ነበር። በፒያሳ ጫማ የሚሸጡት አቶ ሙህዲን አንድ ቀን ሲጫወት አይተው አዘኑና አርባ አራት ቁጥር አዲስ ሸራ ጫማ ሰጡት። ኮሚቴዎ ለተሰበረው የመጸዳጃ ቤት በር አንድ ዓመት ሙሉ መሰብሰብ ያልቻለ ሲሆን ለዚህ ጫማ በማግሥቱ ተሰበሰበ። እርስዎም፣ «አማተር ማለት ለፍቅር ሲል የሚጫወት ነው፤ ለፍቅር የሚጫወት ሰው ከነጋዴ ጫማ አይቀበልም» ብለው ያደረጉት ንግግር በቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። ጫማውም ተወረሰ። የት እንደደረሰ አልጠይቅም። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን እግር በዚያው ሳምንት ከአርባ አንድ ወደ አርባ አራት ቁጥር ማደጉን ግን፣ ቁጥር የሚያስተምር ሰው እንደመሆኔ፣ አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ አልቻልኩም።

3ኛ/ ስለ ሕክምናው አመሰግናለሁ። መጋቢት 16 ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ሜዳችን ላይ በተደረገው የዋንጫ ጨዋታ ሙሴ የገባው የቡድን ጓደኛው ግዛቸው ባዋሰው፣ ጣት እንዲያስገባ ጫፉ በምላጭ በተቆረጠ አርባ ሁለት ቁጥር ጫማ ነበር። በአምስተኛው ዙር ከመረቡ በላይ ዘሎ ሲወርድ እግሩ በተቆረጠው ጫማ ውስጥ ተንሸራተተ። የጉልበቱን ድምፅ ከሁለተኛው ረድፍ ሆኜ ሰማሁት። እርስዎ ከፊት ረድፍ ስለነበሩ ከእኔ ይልቅ ጎልቶ ሳይሰማዎት አልቀረም፤ ምክንያቱም ወዲያው ተነሥተው፣ «በርታ! አንድ ነጥብ ነው የቀረን!» ብለው ጮኹ። ልጁም እርስዎን ማሳፈር ስላልፈለገ በአንድ እግሩ ቆሞ ያቺን አንድ ነጥብ መታት፣ ከዚያም ወደቀ።

ዋንጫውን በኮሌጁ አውቶቡስ የመጀመሪያ ወንበር ላይ አስቀምጠው ወደ ሐይቁ ዳር ግብዣ ሄዱ። ሙሴንና እኔን ወደ ጤና ጣቢያ የወሰደን ባለ ጋሪው ብዙአየሁ ነው። ብዙአየሁ የሕዝቡን ጭፈራና የልጁን ፊት በየተራ እያየ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ያሸነፈው ነው ወይስ የተሸነፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። ኮሚቴው መልሱን በጽሑፍ ቢያሳውቀኝ አደርስለታለሁ።

በሳምንቱ እርስዎና ስድስት የኮሚቴ አባላት ለልምድ ልውውጥ ወደ ሶደሬ ተጓዙ። ሪፖርቱ ልምድ የተለዋወጣችሁት ከማን ጋር እንደሆነ ስለማይገልጽ ከፍል ውሃው ጋር ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ። ከተጫዋቾቹ መካከል የሄደ የለም። አማተር ናቸው።

4ኛ/ ስለ ፈጣን ውሳኔዎ አመሰግናለሁ። ሙሴ እግሩ በጀሶ ታስሮ ሰባት ሳምንት መኝታ ክፍል ሲተኛ ከኮሚቴው የጠየቀው ሰው ባይኖርም፣ እርስዎ ረስተውታል የሚለው ሐሜት ግን ፍጹም ሐሰት ነው። በሚያዝያ ወር ለሬጅስትራር ደብዳቤ ጽፈውለታል፤ «ተማሪው ከስፖርት ቡድኑ ስለተሰናበተ ከእንግዲህ ልዩ አስተያየት አያስፈልገውም» ይላል። ስለዚህ ሰኔ ላይ በምርኩዝ መጥቶ ከሌሎቹ እኩል ለፈተና ተቀመጠ። በሁለት ትምህርት ወደቀ። አንዱን ኤፍ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ያ ኤፍ እውነተኛ ነበር፤ የመጀመሪያውን ክፍል ሳይማር ሁለተኛውን እንዴት ይወቅ? ሐሰተኛው ቢ በጥር የቆፈረውን ጉድጓድ እውነተኛው ኤፍ በሰኔ ከፈተው።

በሐምሌ መጀመሪያ የግቢው ዘበኛ መታወቂያውን ተቀብሎ በሩን ዘጋበት። መታወቂያ የሌለው የሃያ ዓመት ወጣት በዚያ ክረምት ፒያሳን አቋርጦ ቢሄድ ምን እንደሚገጥመው ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ጉልበት የሚመረምር ሐኪም የሚገኘው ወጣት አፍሶ ወደ ጦር ማሠልጠኛ ከሚወስደው ጭነት መኪና ከተወረደ በኋላ እንደሆነ ብቻ አስታውሳለሁ።

ስለዚህ ታቦር ተራራ ሥር ወዳለው ቤቴ ወሰድኩት። ባለቤቴ ሽታዬ የእንግዳ ክፍሉን ለቀቀችለት፣ እኔም ከትምህርት ቤት አሮጌ ሰሌዳ ተሸክሜ አመጣሁ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ወይዘሮ ካሰች ከቱላ መጡ። ሻይ ቀረበላቸው፤ አልነኩትም። በሲዳምኛ ረዘም አድርገው አንድ ነገር ተናገሩኝ። ሙሴ አንገቱን ደፍቶ፣ «ልጄን የሰጠኋችሁ እንዲማር ነበር ወይስ እንዲዘል? ነው የሚሉት» ብሎ ተረጎመልኝ። ከዚህ የሚበልጥ እንደተናገሩ ከፊታቸው አውቄአለሁ፤ ልጁ ለእኔ አዝኖ አስቀረልኝ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሙሴ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ጠመኔውን ሲያገላብጥ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ያልተማርኩትን ለምን አሳለፉኝ?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት ሊያውቅ ነበር የጠየቀው። «ያኔ ኤፍ ሰጥተውኝ ቢሆን የሚጎድለኝን አውቅ ነበር። እኔ እኮ የቻልኩ መስሎኝ ነበር።»

ጓድ ሊቀ መንበር፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄአለሁ። ለዚህኛው ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ፣ «ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንጀምር» አልኩ። ተራ ቁጥሬንም እዚሁ ላይ ስለሳትኩ የቀረውን ምስጋናዬን ያለ ቁጥር ይቀበሉኝ።

ክረምቱን በሙሉ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየጮኽኩ አስተማርኩት። አንዳንድ ቀን ሽታዬ ከጓዳ ሆና፣ «እሱ እንኳ ገብቶታል፤ ለእኔም ገብቶኛል፤ አሁን ይብላ!» ትለኝ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ለአካዳሚክ ኮሚሽኑ ማመልከቻ አስገባን። እኔም በራሴ ላይ የክስ ደብዳቤ ጽፌ አያያዝኩ፤ ያቺን ቢ ማን እንዳዘዘና ማን እንደጻፈ፣ የሁለታችንንም ስም በዝርዝር። ኮሚሽኑ ሁለቱንም የሒሳብ ትምህርት፣ ቢ የሰጠሁበትንም ኤፍ የሰጠሁበትንም፣ እንደገና እንዲፈተን ፈቀደ፤ ጥያቄውንም ያወጡትና ያረሙት እኔ ሳልሆን ሌሎች ሁለት መምህራን ናቸው። በጳጉሜን ተፈተነ። ሰባ አራትና ሰማንያ አንድ አገኘ። ሌላውን ኤፍ በዚህ ዓመት ከክፍሉ ጋር ተምሮ እንዲያሻሽል ተወሰነ። በሰባት ድምፅ ለሁለት ተመለሰ፤ እርስዎም የኮሚሽኑ አባል ነዎትና፣ ከሁለቱ ተቃዋሚ ድምፆች አንዱ የእርስዎ ነበር። እኔ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ይገባኛል፤ ክፈፍ አስገብቼ ቢሮዬ ሰቅዬዋለሁ። እርስዎ ግን እስካሁን ማስጠንቀቂያ ስላልደረስዎት፣ ፖስታ ክፍሉ እንዳይሆን ያጠፋው ብዬ ሠግቻለሁ።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት ሙሴ የራሱን ስም ከዝርዝሩ አናት ላይ አንብቦ ወደ ቢሮዬ መጣ። ተቆጥቶ ይመጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን አፍሮ፣ «ጋሼ፣ መጫወት እፈልጋለሁ» አለኝ። ሐኪሙም ፈቅዶለታል። ከክረምቱ ጀምሮ በቤታችን ግድግዳ ላይ በጨርቅ ኳስ ሲለማመድ የተላጠውን ኖራ ስላየሁ አልደነቀኝም። በዚህ ግቢ ውስጥ ለፍቅር ሲል የሚጫወት ሰው ካለ እሱ ነው፤ እርስዎ በቃለ ጉባኤ የተረጎሙትን ቃል ልጁ በጉልበቱ ያውቀዋል።

ስለሆነም እሱና አሥራ አንዱ ጓደኞቹ ማክሰኞ ተሰብስበው አንድ ገጽ ጻፉ፤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ልምምድ ከክፍል በኋላ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይሁን፤ ትምህርት ባለበት ወቅት ካምፕ አይኑር፤ ከሁሉም ተማሪ ጋር እንፈተን፣ ያገኘነውንም ውጤት እንቀበል፤ የተጎዳ ተጫዋች እስኪድን ድረስ የቡድኑ አባል ይሁን፤ ጫማችን በእግራችን ልክ ይሁን። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ አሥራ ሁለቱም አውቶቡስ ላይ አይሳፈሩም። አሥራ ሁለት ፊርማ አለበት፤ የመጀመሪያው የሙሴ ሳይሆን፣ ጫማውን ያዋሰው የግዛቸው ነው። ይህን ነገር አድማ ብለው እንዳይጠሩት በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ። አድማ አይደለም። የክፍል ፕሮግራም ነው።

ኮሚቴው አሥራ ሁለቱንም ማባረር ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን የኮሚቴው አባላት ራሳቸው ወደ ሜዳ መግባት ይኖርባቸዋልና፣ ከወዲሁ ጥቂት ቢዘሉ ለልብዎም ለሆድዎም መልካም ነው እላለሁ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበርዎ እንደ ተጫዋቾችዎ አጥንት በቀላሉ እንዳይሰበር፣ ግብዣዎም እንዳይጓደል በመመኘት፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር በኋላኛው ረድፍ ተቀምጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እጆቼን ሰብስቤ እቆያለሁ።

ባህሩ ክንፈ
የሒሳብ መምህር
(የማይነበብ ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለአካዳሚክ ኮሚሽን
ለማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ከዝርዝሩ ጎን
ለተማሪዎች ምግብ ቤት በር፣ በሁለቱም ወገን
ለአቶ ሙህዲን ጫማ መደብር

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፊደል ግድፈት ካገኙ እባክዎ በቀይ አርመው ይመልሱልኝ። በዚህ ኮሌጅ ውስጥ ከመፈረምዎ በፊት ያነበቡት የመጀመሪያው ወረቀት ስለሚሆን፣ ለታሪክ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ።